በርሜሉ ላይ የተደፋው ብርጭቆ

እንቅልፍ ከእኔ ጋር ከተጣላ ሰነባብቷል፣ ዛሬ ደግሞ ዝናብ ስለሆነ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ነው፤ እዚህ ጣልያን ሰው በቀትር መስኮቱን ዘግቶ ሲተኛ ውሻው እንኳ መጮኽ ያቆማል፣ እኔ ግን ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ አዳምጣለሁ። ከታች የድኝ መርጫውና የመግረዣ መቀሱ የሚቀመጥበት መጋዘን ነው፣ ከላይ እኔ ነኝ። አሠሪዬ ሲኞር ኦርፌኦ ክፍሉን ሲሰጠኝ «ትሪፎን፣ ከዚህ ሆነህ ወይኑን በሙሉ እንደ ባለቤት ታየዋለህ» ብሎኝ ነበር፣ ቀልዱን ነው፣ ግን አልዋሸም፣ ኮረብታውን ሁሉ ረድፍ በረድፍ አየዋለሁ፣ እያንዳንዱን ግንድ በእጄ አውቀዋለሁ፣ አንዱም ግን የእኔ አይደለም፤ አገር ቤት ያለውን የእኛን ወይን ደግሞ ዘንድሮ ማን እንደገረዘው አላውቅም፣ አባቴን ጉልበቱ ከድቶታል፣ እኔን መጥተህ ግረዝልኝ አይለኝም፣ ጭራሽ አያናግረኝም። ዛሬ እደውልለታለሁ ብዬ ነው የዋልኩት። ስልኩ ደረቴ ላይ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው።

ዛሬ በእኛ በሞልዶቫ የሙታን ፋሲካ ነው፤ በዳግም ትንሣኤ ማግሥት ሰው ሁሉ ቀይ እንቁላሉን፣ ዳቦውንና ወይኑን ተሸክሞ መቃብር ይወጣል፣ መቃብሩ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ይበላል፣ ቄሱ እየዞሩ ይፈታሉ፣ ከጣልያንም ከፖርቱጋልም ያለው ሰው ለገና ቢቀር ለዚህ ቀን አይቀርም፣ እኔ ግን ይኸው ቀርቼ እዚህ ተጋድሜያለሁ። እኅቴ አግላያ አሁን እናታችን መቃብር ላይ ናት። ማለዳ ስትደውልልኝ ከጀርባዋ ዶሮ ይጮኻል፣ እሷም ትጮኻለች፣ ስልክ ላይ ቀስ ብሎ መናገር አታውቅበትም።

«የአባባን ወንበር መስኮቱ ጋ አድርጌለታለሁ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከትቼለታለሁ፣ እስክንመለስ ብቻውን ነው። ደውልለት።»

«አያነሳም እትዬ።»

«ማን እንደደወለ በምኑ ያያል? ዓይኑም እንደ ጉልበቱ ሆኗል።»

«ድምፄን ሲሰማ ይዘጋዋል።»

«ይዝጋዋ! መልሰህ ደውል። ሁለት ግትር በሬ ናችሁ፣ በመካከል የምረገጠው እኔ ነኝ። አባትህ እኮ እኔንም በምን እንደጠረጠረኝ እንጃ፣ አንድ ክረምት ሙሉ በእጄ ያቀረብኩትን ቡና እንኳ እያጉረመረመ ነበር የሚጠጣው። ምን አድርጌ ነው?»

ምንም አላደረገችም፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ግን እሷም አታውቅም፣ ማንም አያውቅም። ልነግረው የሚገባኝ ነገር ሲታሰብ አጭር ነው፤ አባባ፣ የሳንባ ነቀርሳ ታምሜ ነበር፣ ምናልባት ለእርስዎም ሳላስተላልፍ አልቀረሁም። ይኸው ነው። ለአንድ ቀትር የማይበቃ ንግግር ነው፣ እኔ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሳሉ የጀመረኝ እዚህ በሙቀቱ ወራት ነው፣ ድኙ ነው ብዬ ነበር፣ ወይን ላይ ድኝ የሚረጭ ሰው ሁሉ ያስላል፣ ሲኞር ኦርፌኦም ያስላል፤ እንደዚያው እያሳለኝ ለነሐሴ አገር ቤት ገባሁ፣ አባቴ ክፍል ውስጥ ተኛሁ፣ እሱ አልጋ ላይ እኔ ሶፋው ላይ፣ «አንተ ሰውዬ ጣልያን አጨሰችህ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል፣ የማር ሻይ ያፈላልኛል፣ መስኮቱን ብርድ እንዳይገባኝ ይዘጋዋል። መስኮቱን ይዘጋዋል! አሁን ያቺ የተዘጋች መስኮት ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ። ከተመለስኩ በኋላ በለቀማው ሰሞን መሐረቤ ላይ ደም አየሁ፣ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ሁለት በር ያለው ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፣ አፋቸውን ሸፍነው የሚገቡ ነርሶች፣ ፊታቸውን ስለማላይ በጫማቸው ነበር የምለያቸው፤ ሽንቴን ብርቱካን ያስመሰለ ኪኒን፣ እየዋለ እያደረ ሆዴን ያገላበጠ ኪኒን። አባቴ ሲደውል ሩቅ ተራራ ላይ ሥራ ይዤያለሁ፣ እዚያ ስልክ አይሠራም አልኩት። ለምን ዋሸሁ? በእኛ ዘንድ ይህን በሽታ ማንም ስሙን አይጠራውም፣ የእስረኛና የሰካራም በሽታ ነው፣ ከአንድ ቤት አንዱ ከታመመ የዚያ ቤት ደጃፍ ይቀዘቅዛል፣ ለጋብቻ የሚጠይቅ ይጠፋል፣ እኅቴ ደግሞ ያን ጊዜ ልጅ ልትድር ሽር ጉድ ላይ ነበረች። እንዲህ ብዬ ነው ራሴን ያሳመንኩት። ከዚህ በስተጀርባ ግን ሌላ ነገር አለ፣ አፈርኩ፣ በቃ አፈርኩ።

ከዚያ ዳንኩ። አክታዬ ደጋግሞ ንጹሕ ሆነ፣ የሳንባዬ ራጅ ፎቶ ላይ የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው ተባልኩ፣ ሐኪሙ እጄን ጨብጦ በረንዳ ድረስ ሸኘኝ። ደሜ ግን አልዳነም፣ ወይም እንዳልዳነ መሰለኝ። የደሙን ውጤት ሲሰጡኝ ፕሮቲኔን የሚያሳይ መስመር ነበረበት፣ መጀመሪያ አንድ ረጅም ጉብታ፣ ከዚያ ትንንሾች፣ መጨረሻ ላይ ዝቅ ብሎ መተኛት የሚገባው ጉብታ የእኔ አብጧል፣ ከጎኑ ኮከብ ተደርጎበታል። ኮከብ ስታይ ጥሩ ነገር ይመስልሃል፣ እዚህ ግን ከልክ አልፏል ማለት ነው። የአገሬ ልጅ ፖርፊሬን አማከርኩት፣ በአገሩ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነበር፣ አሁን ከእኔ ጋር ወይን ይገርዛል፤ ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው፣ መስመሩን እንደሚያውቀው ሁሉ በጣቱ እየተከተለ።

«ይሄ ይሄ ጥሩ አይደለም ትሪፎን» አለኝ። «ፕሮቲኑ ካበጠ በሽታው ደም ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። ላምም እንደዚሁ ናት።»

«እኔ ላም ነኝ?»

«ደም ደም ነው እንግዲህ።»

ሐኪሙን ለምን አልጠየቅህም የሚለኝ ይኖራል። የእኛ ሰው ሐኪም አይጠይቅም፣ ሐኪሙ ይናገራል፣ አንተ አንገትህን ትነቀንቃለህ፣ ስትወጣ ከቤት ያመጣሃትን የወይን ጠርሙስ ጠረጴዛው ሥር ታስቀምጣለህ፣ አለቀ። እዚህ ጠርሙሱን አይቀበሉም፣ ጠርሙስ ካልያዝኩ ደግሞ መጠየቅ ያሳፍረኛል፤ አንገቴን ነቅንቄ ወጣሁ። ኮከቧ እስክትጠፋ ሰው አልጠጋም ብዬ ለራሴ ማልሁ፣ ያለ ጠያቂ ያለ መካሪ።

ግን የሙታን ፋሲካ ደረሰ፣ አባቴ በስልክ «ተራራው ለቀቀህ ወይስ አልለቀቀህም?» አለኝ፣ ናፍቆኝ ነበር፣ ሄድኩ። ከመቃብር ተመልሰን እንደ ልማዱ የወይኑ በርሜል ወዳለበት ምድር ቤት ወረድን፣ አባቴ ከፊት፣ እኔ፣ የክርስትና አባቴ ሚትሮፋን፣ የእኅቴ ባልና ጎረቤቶቹ ከኋላ፤ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ራስህን ጎንበስ ካላደረግህ ግንባርህን ትመታለህ። በሩ ላይ ከሚስማር የተንጠለጠለች፣ ጎኗ የተጨረመተ የቆርቆሮ ኩባያ አለች፣ ልጆች ሆነን መንካት ክልክል ነበር፣ እናቴ በሕይወት ሳለች ለዓመት በዓል በአመድ ትወለውላት ነበር፣ ማንም ግን አይጠጣባትም፣ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፣ በቃ የቤቱ ዕቃ ናት። ምድር ቤቱ ውስጥ ያለው ብርጭቆ አንድ ነው። ሌላው ሰው ጓዳ ሁለትም ሦስትም ይገኛል፣ አባቴ ግን «በእኔ ምድር ቤት ብርጭቆ አንድ ነው፣ ሁለተኛ የሚፈልግ ሱቅ ይሂድ» እያለ ይኩራራበታል። ባለቤቱ ከበርሜሉ ይቀዳል፣ መርዝ እንደሌለው ለማሳየት ቀድሞ ራሱ ይጠጣል፣ እንደገና ይሞላና ለእንግዳው ይሰጣል፣ እንግዳው ጨርሶ ይመልሳል፣ እንዲህ እየተባለ ይዞራል። በዚያ ቀን እንግዳው እኔ ነኝ፣ ከሩቅ የመጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ ጠጣ፣ ሞላ፣ ዘረጋልኝ። እኔ ከኪሴ ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ አወጣሁ።

«አባባ፣ ለእኔ በዚህ ይቅዱልኝ።»

ሚትሮፋን ከኋላዬ «ጣልያኖች አፋቸውን ለብቻ ነው እንዴ የሚያጥቡት?» አለ፣ ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ኩባያዋን አያት፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ አያነሳም፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ያን ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር፣ የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም፣ የተያዘ ሰው ፊት ነው። የዘረጋልኝን ራሱ ጠጣው፣ ብርጭቆውን በርሜሉ ላይ በአፉ ደፋው።

«ወይኑ አልቋል» አለ።

በርሜሉ እኮ ሙሉ ነው፣ ሁሉም ያውቃል። አንድ በአንድ ደረጃውን ወጣን፣ እሱ ታች ቀረ። ከዚያች ቀን ወዲህ አባቴ ስሜን አልጠራም። በዚያም ቀን ማታ ሶፋው ላይ ሳይሆን የእኅቴ ቤት ሄጄ አደርኩ፣ ለእሱ ብዬ ነው፣ ከእኔ ትንፋሽ እንዲርቅ፣ እሱ ግን ይህንም ጨምሮ ቆጠረው። እኔ ምን አልኩ? ሙት ሆኖ ከሚታረቀኝ ሕያው ሆኖ ይቀየመኝ አልኩ፣ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፣ አባቴን ያዳንኩት መስሎኛል። ደሜ ይጥራ እንጂ ያን ጊዜ ሁሉን እነግረዋለሁ፣ ተንበርክኬ ብርጭቆውን ራሴ አነሳዋለሁ ብዬ በየዓመቱ ክንዴን ለመርፌ እዘረጋለሁ፣ ኮከቧ በየዓመቱ አለች፣ እኔም በየዓመቱ ቀረሁ።

ኩባያውን ባወጣሁበት ዓመት መከር ላይ አግላያ ደወለች፣ የድንች ዋጋ ነግራኝ፣ የጎረቤት ፍየል ነግራኝ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር «አባባን ለጉልበቱ ብዬ ሐኪም ጋ ወስጄው ነበር፣ ደሙ ውስጥ ፕሮቲኑ ከፍ ብሏል አለኝ» አለች። ወይኑ መሐል ቆሜ ነበር፣ መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

«ያስለዋል?»

«ሽማግሌ መቼ ነው የማያስለው? ሐኪሙ የቆየ ነገር ነው አትጨነቂ ብሎኛል።»

የቆየ ነገር። ከእኔ ነሐሴ ጀምሮ የቆየ ማለት ነው አልኩ። የእኔው ጉብታ በእሱም ደም ውስጥ በቀለ፣ እኔ ነኝ የዘራሁት፣ በዚያች በተዘጋች መስኮት። እንቅልፍ የተጣላኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ስንት ጊዜ ደውዬ «እትዬ፣ ሳንባውን ፎቶ አስነሺው» ልላት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ስለ ፍየሉ ጠይቄያት ዘግቻለሁ፣ ምክንያቱም ለምን ትለኛለች፣ ለምን ካለችኝ ደግሞ መናገር ነው። አፍሬ አባቴን ልገድለው ነው፣ ይህን እያወቅሁ ዝም እላለሁ፣ ከዚህ የባሰ ሰው አለ?

ባለፈው ሳምንት የሳንባ ክፍሉ ሐኪም ተቀይሮ ጠበቀኝ፣ ዶክተር ማሪላ የምትባል ወጣት ሴት ናት፣ የቀድሞው ጡረታ ወጥቷል። አዲሷ ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ ትቀመጣለች፣ ይህ ግራ አጋባኝ፣ ሐኪም ወረቀት እያየ ነው የሚናገረው እንጂ።

«ምን ያስጨንቅዎታል?» አለችኝ።

«ኮከቧ። አሁንም አለች?»

«የቷ ኮከብ?»

«ከፕሮቲኑ ጎን ያለችው። እሷ ስትጠፋ ነው አገሬ የምገባው።»

ሳቀች፣ ከዚያ እንዳልቀለድኩ ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «እንደዚህ ብሎ የነገረዎት ማነው?»

ማን ልበላት? የላም ሐኪም ረዳት ልበላት?

«ይስሙኝ» አለች። «በሽታው ሄዷል። ይህ ፕሮቲን በሽታው አይደለም፣ ሰውነትዎ በሽታውን ሲታገል የሠራው መከላከያ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ቶሎ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ላይ ይቆያል፣ እርስዎ ላይ ጨርሶ ላይወርድ ይችላል። ግን ወደ ማንም አይተላለፍም።»

«በብርጭቆስ?»

«በሽተኛ ሳሉ እንኳ በብርጭቆ አይተላለፍም ነበር። የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው።»

እንግዲህ ይታያችሁ፣ እዚያች ጠባብ ምድር ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆመን ስንተነፍስ ኩባያዬን ለየሁ፣ ትንፋሼን ግን አልለየሁም፤ በሽታው ቢኖርብኝ ኖሮ ኩባያዋ ማንንም ባላዳነች፣ ስላልነበረብኝ ደግሞ አባቴን ያቆሰልኩት ለምንም ነው። ለምንም! ሊወርድ የማይችል ቁጥር እስኪወርድ ስጠብቅ የአባቴ ጉልበት አለቀ፣ ዓይኑ አለቀ፣ እናቴ መቃብር ላይ ዳቦ ያልቆረስኩባቸው ዓመታት አለቁ፣ አንዱንም መልሶ የሚሰጠኝ የለም። ሐኪሟ የወረቀት መሐረብ አቀበለችኝ፣ አፍንጫዬን ጠራረግሁ። ከዚያ የአባቴን ደም ነገርኳት፣ ነሐሴን ነገርኳት። ፊቷ ከበድ አለ።

«ከዳኑ በኋላ ያለው አያስጨንቅዎት። መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት እያሳለዎት አንድ ክፍል አድረው ከሆነ ግን ይንገሯቸው። ሳንባቸውን ይታዩ። ዛሬውኑ ይንገሯቸው።»

ዛሬውኑ ያለችው ባለፈው ሳምንት ነው። ይኸው ዝናቡ ቀነስ ብሏል፣ ከታች የሲኞር ኦርፌኦ ውሻ ነቅቶ ሰንሰለቱን ይጎትታል፣ መቃብር ላይ ያሉት ዕቃቸውን ሰብስበው መመለሳቸው አይቀርም፣ አግላያ ቤት ከገባች ስልኩን ለእሷ አቀብሎ ያመልጠኛል። አውራ ጣቴ ስሙ ላይ ነው። አባባ ነው የሚለው፣ ሌላ ስም አልጻፍኩለትም። ጠራ። ጠራ። ቢዘጋው መልሼ እደውላለሁ፣ ሁለት በሬ ነን።

«ሃሎ! ማነህ? ጮኽ በል!»

«እኔ ነኝ አባባ። ትሪፎን።»

ትንፋሹ ይሰማኛል፣ የወንበሩ እንጨት ሲንቋቋ ይሰማኛል።

«አግላያ የለችም፣ መቃብር ናት» አለ።

«እርስዎን ነው የፈለግሁት።»

«እኔን? ምን ጎድሎህ? ብርጭቆ?»

ይገባኛል። ዓመታት ያብላላትን ቃል ነው የወረወረልኝ፣ ተቀበልኳት።

«አባባ፣ እንዳይዘጉብኝ። ታምሜ ነበር። ተራራ ላይ ነኝ ስልዎት ሆስፒታል ነበርኩ።»

«ምንህን?»

«ሳንባዬን።» ቃሉ እስከ ዛሬ በቋንቋችን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ ሲወጣ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ነቀርሳ ነው አባባ። አሁን ድኛለሁ። ደሜ ውስጥ ግን የቀረ ነገር አለ ብለው፣ አይ፣ እኔው ነኝ እንደዚያ ያሰብኩት፣ ለእርስዎ እንዳይተላለፍ ብዬ ነው ኩባያውን... እርስዎን ተጠይፌ አይደለም። ለእርስዎ ፈርቼ ነው።»

ዘጋው ብዬ ስልኩን አየሁ፣ አልዘጋውም።

«የትኛው ሳንባህ ነው?» አለ።

«የቀኙ።»

«የእኔ የግራው ነበር።»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ያልኩት ነገር ትዝ አይለኝም፣ እሱ ግን ማንም እንዳይሰማው የፈራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጀመረ፣ ቤቱ ውስጥ ከእሱ በቀር ሰው የለም እኮ።

«ወታደር ሆኜ ከሰሜን፣ ከበረዶው አገር ይዤው መጣሁ። ጥድ ጫካ ውስጥ ካለ ሆስፒታል ተኝቼ ዳንኩ፣ ድኗል የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀት ማን ያነባል? በየሠርጉ፣ በየምድር ቤቱ ብርጭቆው እየዞረ እኔ ጋ ሲደርስ ይዘለኛል፣ ለእኔ የቆርቆሮ ኩባያ አለችኝ፣ በስሜ የገራሲም ኩባያ ይሏታል፣ ከሚስማር ላይ አውርደው ይሰጡኛል። አንተ አታውቅም፣ ብርጭቆ ሲዘልህ ምን እንደሚመስል።»

«ያቺ በሩ ላይ ያለችው?»

«እሷው። እናትህ አንድ ሠርግ ላይ መጣች፣ ጠጥቼ ሳስቀምጣት ከእጄ ተቀበለች፣ ሰዉ ሁሉ እያየ የቀረውን ጨለጠችው። እናቷ ጮኹ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ማን ያገባታል? እኔ አገባኋት።» ሳቅ ሞከረው፣ ሳሉ ቀደመው። «ምድር ቤቱን ስቆፍር ማልሁ፣ በእኔ ቤት ብርጭቆ አንድ ይሆናል አልኩ። እናም አንተ፣ የእሷ ልጅ፣ ኩባያ ከኪስህ ታወጣለህ? አግላያ ናት የነገረችህ አልኩ። ሐኪሜ ሹክ ብሏት ነው፣ ነግራው ነው፣ ልጄ ተጠየፈኝ አልኩ።»

«ደሙስ አባባ? ፕሮቲኑ ከፍ ብሏል የተባለው?»

«እሱ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደዚያው ነው። ሐኪም በተቀየረ ቁጥር አዲሱ ይደነግጣል፣ እኔ ነኝ የማረጋጋው። በየክረምቱ ፎቶ ያነሱኛል፣ ዘንድሮም አንስተውኛል፣ የድሮው ጠባሳ ነው ያለው። አንተ ምን ታደርግ!»

አልሰጠሁትም። በሽታውን አልሰጠሁትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አልጋው ላይ እንደተቀመጥኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ደም ይዘን፣ አንድ ዓይነት እፍረት ይዘን፣ እሱ በዚያ እኔ በዚህ ተቀምጠን፣ ሁለታችንም በአንድ ቃል ለምንድን ነው ብንባባል የሚያልቀውን ነገር ዓመታት አሳደግነው። ብንጠያየቅ ምን ነበረበት? እሱም ሰማኝ መሰለኝ፣ ዝም ብሎ ጠበቀኝ፣ ልጅ ሆኜ ስወድቅ እንደዚሁ ዝም ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

«ለሚመጣው እሑድ አውቶቡስ እይዛለሁ» አልኩት። «አሠሪዬን አስፈቅዳለሁ። ምድር ቤት እንወርዳለን።»

«አንተ ትወርዳለህ። እኔ ደረጃው ከቀረብኝ ቆይቷል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይኑም ቢሆን ሄዷል ትሪፎን። ያን በርሜል ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም፣ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። እየጎደለ ሲሄድ ሳይሞላ ከተቀመጠ አየር ይገባዋል፣ አንተ መቼም ታውቀዋለህ፣ ሆምጣጤ ሆኗል። አግላያ ቃሪያ ልክተትበት ትለኛለች።»

ስሜን ጠራ። ያን ሁሉ ወይን! በርሜሉን ከመታመሜ በፊት ባለው ዓመት የሞላነው እኔና እሱ ነበርን፣ ጥሩ ዓመት ነበር፣ ወይኑ ጠቁሮ ነበር።

«ብርጭቆውስ?» አልኩት።

«እንደደፋሁት ነው። አንተ አንሳው። እጠበው፣ ከዚያው በርሜል ቀዳና ይዘኸው ውጣ፣ ሆምጣጤም ቢሆን እንጠጣዋለን።» ከውጭ በር ሲከፈትና የእኅቴ ድምፅ ሲመጣ ይሰማኛል፣ እሱም ሰምቶ ቸኮለ። «በዚህ ጊዜ ግን ባለቤት ይቅደም የሚባል ነገር የለም። አንተ ቀድመህ ትጠጣለህ። እኔ ካንተ ቀጥዬ ነው የምጠጣው።»